ስሙ ሳይጠራ ያለፈበት ሌሊት

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልጄ አልተጠራም።

ቦታው ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ያለ የስካውት ካምፕ ነው። የሰመር ካምፑ የመጨረሻ ሌሊት ስለነበር ወላጆችም ተጋብዘናል። ከሥራ ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቼ ስደርስ መሽቷል። ለልጆቹ ያመጣሁት ድፎ ዳቦ በፎጣ እንደተጠቀለለ መኪናው ውስጥ ተውኩትና ሰው ወደሚሄድበት ተከትዬ ወረድኩ።

ሐይቁ ዳር ትልቅ እሳት ተቀጣጥሏል። ልጆቹ በየትሩፓቸው፣ ማለትም በየስካውት ቡድናቸው፣ በረድፍ ቆመዋል። ያን ሁሉ ልጅ አንድ ላይ ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ ችቦ የያዙ ልጆች ወጡ። ከትከሻቸው ወደ ወገባቸው ነጭ ጨርቅ አጥልቀዋል፤ ጨርቁ ላይ ቀይ ፍላጻ አለ። አንደኛው ከወረቀት ላይ ስም ማንበብ ጀመረ። ስሙ የተጠራ ልጅ ከረድፉ ይወጣና እሳቱ ዘንድ ሄዶ ይቆማል።

ከልጄ በግራ ያለው ተጠራ። በቀኝ ያለውም ተጠራ። ከዚያ ወረቀቱ ታጠፈ።

ፊቱ አይታየኝም ነበር። የማየው ማጅራቱንና ወደ ኋላ ያጣመራቸውን እጆቹን ነው። የግራ እጁን አውራ ጣት በቀኝ እጁ ጨብጦ ይዞታል። ሕፃን ሆኖ መርፌ ሲወጋ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ፣ "ማሚ፣ እኔኮ ሁሉንም መርጫቸው ነበር" አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ዳቦውን ይዘነው ተመለስን።

ማኅበሩ ኦርደር ኦፍ ዘ አሮው ይባላል። ልጆቹ ባጭሩ ኦ ኤ ይሉታል። እኛ ቤት "የፍላጻው ማኅበር" ብለነው ቀርቷል። የአሜሪካ ስካውቶች የክብር ማኅበር ነው። ያኔ ግን ስለሱ የማውቀው ከስሙ የዘለለ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ስለ ስካውትም ብዙ አላውቅም ነበር። አባቴ አዲስ አበባ በጃንሆይ ዘመን ቦይ ስካውት ነበር፤ አንገቱ ላይ ስላሰረው ስካርፍና ስለ ቁምጣው ሲያወራ ነው ያደግኩት። ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ወረቀት ተሰጥቶት ሲመጣ እሺ ያልኩትም በአባቴ ምክንያት ነው። ሜዳ ላይ ማደሩን ግን አልወደድኩትም ነበር። ባደግኩበት አገር ሜዳ ላይ የሚያድር እረኛ ነው፤ እሱም ወዶ አይደለም።

ልጄ ካልተጠራ በኋላ ግን ነገሩን አጥብቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ለምን አልተጠራም? ጠሪውስ ማነው?

ማኅበሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1915 ነው። ቦታው ደላዌር ወንዝ መሀል ያለች ትሬዠር አይላንድ የምትባል ደሴት ናት፤ የፊላደልፊያ ስካውቶች ካምፕ ነበረች። የጀመሩት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ የካምፑ ኃላፊ ኧርነር ጉድማንና ረዳቱ ካሮል ኤድሰን። ጉድማን ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ የፈለጉት ነገር ቀላል ይመስላል። የስካውትን ቃለ መሐላና ሕግ በዕለት ኑሮው የሚኖረው ልጅ እንዲከበር ፈለጉ። ማን እንደሆነ ደግሞ አብረውት ካምፕ የከረሙት ልጆች ይምረጡ አሉ።

እኔን የያዘኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ስካውት ውስጥ ያለው ሌላ ነገር አብዛኛው በራስ ጥረት የሚገኝ ነው። ዋና ተምረህ ባጅ ታገኛለህ። የመጀመሪያ እርዳታ ተምረህ ሌላ ባጅ ታገኛለህ። ከፍተኛውን ማዕረግ፣ ኢግል ስካውትን ለማግኘት 21 ባጅ ያስፈልጋል፤ ጎበዝ ልጅ ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ይጨርሳል። እዚህ ማኅበር ግን ማመልከቻ የለም። ልግባ ብለህ አትጠይቅም። እናትህም ደውላ አትለምንልህም።

የእኛን ማኅበር አስቡት። የማርያም ማኅበር፣ የሚካኤል ማኅበር። ሰው ጠይቆ ይገባል፣ ወይ ጎረቤት ይዞት ይመጣል፤ ከዚያ ተራው ሲደርስ ይደግሳል። የሚቀበሉት ማኅበርተኞቹ ናቸው። የፍላጻው ማኅበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመርጡት አባላቱ ብቻ አይደሉም። ትሩፑ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ፣ ትናንት የገባው የ11 ዓመት ልጅ ሳይቀር ድምፅ አለው። ራሱ ገና ያልገባበትን ማኅበር በር ለሌላው የሚከፍተው እሱ ነው።

ለምርጫ ለመቅረብ መጀመሪያ ፈርስት ክላስ የሚባለው ማዕረግ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ 15 ሌሊት ካምፕ ያደረ መሆን አለበት፤ ከነዚህ ውስጥ አምስቱ ሌሊት በአንድ ረዘም ያለ ካምፕ ተከታትሎ ያደረበት ነው። የትሩፑ አዋቂ መሪ፣ ስካውት ማስተሩም መፍቀድ አለበት። ምርጫው ቀን ፍላጻ ያጠለቁ ልጆች ከሌላ ትሩፕ መጥተው ነገሩን ያስረዳሉ፣ ወረቀት ያድላሉ። መራጩ የፈለገውን ያህል ስም መምረጥ ይችላል። ድምፅ ከተሰጠባቸው ወረቀቶች ቢያንስ በግማሹ ላይ ስሙ የተገኘ ልጅ ተመረጠ ማለት ነው። እነ ልጄ ጋ ውጤቱ እስከ እሳቱ ሌሊት ድረስ አይነገርም።

እንግዲህ ልጄን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጓደኞቹ አልፈለጉትም። አእምሮዬ ወዲያው ወዴት እንደሄደ መገመት አያስቸግርም። ትሩፑ ውስጥ ጥቁር ልጅ እሱና ሌላ አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ። ቡና ላይ ለጓደኛዬ ስነግራት፣ "አውጪው በቃ፤ እነሱ መቼም የኛን ልጅ አይመርጡም" አለችኝ። ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ አልዋሽም። በሥራ ቦታዬ ደርሶብኛል። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ሜዳ ላይ የበቀለ አልነበረም።

በሳምንቱ ለስካውት ማስተሩ ደወልኩ። ልጄን ስለማውጣት አስባለሁ አልኩት። ስንት ድምፅ እንዳገኘ መናገር እንደማይፈቀድለት ነገረኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሁሉም ይወዱታል አለኝ። ትንሽ ቆየና አንድ ነገር ጨመረ። ልጆቹ የሚያውቁት እስከ ቅዳሜ ማታ ያለውን ልጅሽን ነው አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ካምፕ የሚወጡት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜን ይውላሉ፣ እሑድ ጠዋት ነቅለው ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ቅዳሴ እንዳያልፈው ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ፣ ራት እንደበሉ ሄጄ አመጣዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድ ጊዜ እንኳን እሑድ ጠዋት እዚያ ነግቶበት አያውቅም። ለዚህ ነው ሌሎቹ ገና በዓመቱ የጨረሱትን 15 ሌሊት እሱ ሁለት ዓመት የፈጀበት። አንዲት አንዲት ሌሊት ነበር የሚያጠራቅመው።

ቅዳሜ ማታ እኔ ስወስደው እነሱ የሚያዩት ምን ነበር? ከነሱ ጋር ተጫውቶ፣ ከነሱ ጋር በልቶ፣ ሥራ ሲመጣ እናቱ መኪና ውስጥ የሚገባ ልጅ።

የንስሐ አባታችንን አማከርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። በዓመት ስንት እሑድ ነው አሉኝ። ስድስት ሰባት ቢሆን ነው አልኳቸው። "ታዲያ ጓደኞቹ ድስት ሲያጥቡ እሱን ጎትተሽ አምጪልኝ አልኩሽ?" አሉኝ። "ጠዋት ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። ከዚያ ያግዛቸው።" ሌላውን እሑድ ግን እንዳያስቀር አጥብቀው አዘዙኝ።

በጥቅምት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ ሌሊትም እዚያው አደረ። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልወስደው ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ድንኳኑ ሁሉ ረጥቧል፣ ጭቃው ጫማ ይስባል። ልጆቹ እንቅልፋቸውን አልጠገቡም፤ ማንም ፈገግ አይልም። አንዱ ድንኳን ያራግፋል፣ አንዱ የሌላውን የጠፋ ካልሲ ይፈልጋል፣ አንድ ትንሽ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ያለቅሳል። ልጄ ደግሞ ቧንቧው ጋ ተንበርክኮ አንድ ትልቅ ድስት ይፈትጋል። ማታ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ ሠርተው አሳርረውታል። የድስቱ ቂጥ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት ይዟል። በማንኪያ እየፋቀ፣ ውሃ እየጨመረ፣ እንደገና እየፋቀ። ቤት ውስጥ አንድ ሳህን ለማሳጠብ የምለምነው ልጅ ነው። ማንም እንዲያጥብ አላዘዘውም። አጠገቡ ሌላ ልጅ ተንበርክኮ ውሃውን ያቀብለዋል። አንድ ነገር ተባባሉና ሁለቱም ሳቁ።

የዚያ ትሩፕ ምርጫ እዚያ ቧንቧ ሥር እንደሚካሄድ ያን ጠዋት አየሁ።

በቀጣዩ ዓመት ስሙ ተጠራ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አልልም። ስሙን ሲያነቡት አበላሽተውት ነበር፤ ሆኖም የሱ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። በዚያ ሌሊት ከሌላ ትሩፕ ሁለት ሴት ልጆችም ተጠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሴት ልጆችም በዚህ ማኅበር ይገባሉ። ትንሿ ልጄ ይሄን ካየች ወዲህ ስንት ሌሊት ነው የቀረኝ እያለች ታደርቀኛለች።

መመረጥ ግን አባል አያደርግም። ከዚያ በኋላ ኦርዲል የሚሉት አለ፤ በእኛ አማርኛ ፈተና ብንለው ይቀርባል። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ነው። ልጁ ብቻውን ከሰማይ ሥር ያድራል። ቀኑን ሙሉ ጉልበት ሥራ ይሠራል። የሚበላው ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይናገርም።

እዚህ ላይ ያቺ ጓደኛዬ እንደገና ደወለች። "በሌሊት፣ በጫካ፣ በእሳት ዙሪያ፣ የማይነገር ነገር... ባዕድ አምልኮ ቢሆንስ?" አለችኝ። በዚህ አልፈርድባትም። እኔም እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ልጄ ሥነ ሥርዓቱን ለሌላ እንዳይናገሩ እንደሚጠየቁ ነግሮኝ ነበርና የማኅበሩ አማካሪ የሆኑትን አንድ ሽማግሌ አግኝቼ በግልጽ ጠየቅኳቸው። ሚስጥራዊ ማኅበር አይደለንም አሉኝ። የሥነ ሥርዓቱን ጽሑፍ ለማንበብ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ይነበብለታል፣ ይሰጠዋል። የማይወራው ልጆቹ ሲደርሱበት አዲስ እንዲሆንላቸው ብቻ ነው አሉኝ። ወረቀቱን ከቦርሳቸው ለማውጣት እጃቸውን ሰደዱ። በቃ ይተዉት አልኳቸው። ሊያሳዩኝ ፈቃደኛ ከሆኑ የምፈራው ነገር ቀረ። ልጄም አንድ የራሱ የሆነ ነገር ቢኖረው ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል፤ ሳልናገረው ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ማኅበሩ ሲጀመር ይጠራበት የነበረውን ስም ሳይቀር ከሌናፔ ሕዝብ ነው የወሰደው። ሌናፔዎች የዚያ የደላዌር ወንዝ አገር ባለቤቶች ነበሩ። ሥነ ሥርዓቱ በአፈ ታሪክ ላይ የቆመ ነው፤ አለቃው፣ መንፈሳዊው አባት፣ መሪው፣ ዘቡ ሁሉም የሌናፔ ስም አላቸው። ለብዙ ዓመታት ነጭ ልጆች ላባና ቆዳ ለብሰው ሲተውኑት ኖረዋል። ሌናፔዎቹ ግን ያኔም ከአገራቸው ተነቅለው ነበር። ዛሬ ዘሮቻቸው በብዛት የሚገኙት ኦክላሆማ፣ ዊስኮንሲንና ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ነው። አንድ ሰው የካህናታችንን ካባ ለብሶ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ለልጆቹ ካምፕ ማሸብሸብ ቢጀምር ምን ይሰማናል? ያውም እኛን ከአገራችን ካባረረ በኋላ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ በአክብሮት ነው የሚያደርጉት። አክብሮት ግን መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለትናንሾቹ ልጆች በሚደረገው የመሸጋገሪያ ሥነ ሥርዓት ላይ የኢንዲያን ልብስ መልበስን አስቀርቷል። በእኔ ሐሳብ ሁሉንም ቢተዉት የሚጎድልባቸው ነገር የለም። የማኅበሩ ጉልበት ላባው ላይ አይደለም ያለው።

ወደ ኦርዲሉ ልመለስ። ዓርብ ማታ አደረስኩት። ዕለቱ ጾም ስለሆነ ምሳ አልበላም ነበር። የምግቡ ማነስ አላሳሰበኝም፤ ሁዳዴን እየቆራረጠም ቢሆን የሚጾም ልጅ ነው። የፈራሁት ዝምታውን ነው። ይሄ ልጅ ጥርሱን ሲቦርሽ እንኳን ያወራል። መኪናው ውስጥ እስከ በሩ ድረስ ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ ሲነግረኝ ነበር፤ ነገሩን ሳይጨርስ ወረደ።

እሑድ ጠዋት ስወስደው እጁን አየሁት። ሁለቱም መዳፉ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር አለ፤ አንደኛው ፈንድቷል። ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ነጩን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ አጥፎ አስቀምጦታል፤ ቀዩ ፍላጻ ወደ ላይ ነው። ምን ሠራችሁ አልኩት። ድንጋይ ተሸከምን አለኝ። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ድረስ የሚያወጣ ደረጃ ሲሠሩ ነው የዋሉት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ዝምታው አልቆ፣ መናገር ተፈቅዶለት፣ ዝም አለ። መስኮቱን እያየ ነበር። እኔም ራዲዮውን አጠፋሁት።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ "ማሚ፣ ሰው ሳያወራ ሲሠራ ሌላውን ሰው በደንብ ያየዋል፤ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አጠገቡ የነበረው ልጅ ስሙን እንኳን የማያውቀው ነው። ድንጋዩ ሲከብደው ሳይጠይቀው መጥቶ ሌላውን ጫፍ ይይዝለት ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋሉ። ማታ መናገር ሲፈቀድላቸው ምን እንደሚባባሉ አጡ።

አያቴ ትዝ አለችኝ። በፍልሰታ ሱባኤ ትገባ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለች ትንሽ ጎጆ ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ ጥሬ ቆርጥማ፣ ከስታ ትመለሳለች። ስትመለስ ለተወሰነ ቀን ቶሎ አትናገርም። ልጆች ሆነን እንፈራት ነበር፤ የታመመች ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ዓይኗ ልጄ መስኮቱን ሲያይ ከነበረው ዓይን ጋር አንድ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ አርምሞን ያስተማረው የስካውት ማኅበር መሆኑ ይገርመኛል። እኔ በቃል ብነግረው አይገባውም ነበር።

ቤት ስንደርስ ፍርፍር ሠራሁለት። ሁለት ሳህን በላና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተኛ።

ማኅበሩ ከዚህ በላይ ደረጃ አለው። ከስድስት ወር በኋላ ወንድማማችነት የሚሉት አለ፤ ፍላጻው ከላይና ከታች ቀይ መስመር ይጨመርበታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ቪጂል የሚባለው አለ፤ ሌሊቱን በትጋት የሚያድሩበት ነው፤ ለጥቂቶች ብቻ ይሰጣል። የመጀመሪያው ተቀባይ መሥራቹ ጉድማን ነበር። ልጄ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ሦስተኛውን አላነሣበትም። እሱም አያነሣውም።

አሁን እሱ ራሱ ነው ሌሎች ትሩፖች ጋ እየሄደ ምርጫውን የሚያስረዳው። አንድ ቀን አድርሼው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። አዳራሹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው ያዩታል። ሕጉን ሁሉ ነገራቸው፤ 15 ሌሊቱን፣ ግማሹን ድምፅ፣ ሁሉንም። በመጨረሻ ከወረቀቱ ውጪ አንድ ነገር ጨመረ። ከመጻፋችሁ በፊት ቀደም ብሎ የሚሄድ ልጅ ካለ ለምን እንደሚሄድ ጠይቁት አላቸው።

ምንም አላልኩትም። እሱም ዞሮ አላየኝም።

ባለፈው ወር እንደገና ካምፕ ወጡ። እሑድ ጠዋት ሄጄ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት። ልጆቹ አንድ በአንድ ቦርሳቸውን ተሸክመው መጡ፤ ወላጆቻቸው ይዘዋቸው ሄዱ። መኪናዎቹ አልቀው የእኔና የስካውት ማስተሩ ብቻ ቀሩ። ወርጄ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እሱና አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተንበርክከው ያንኑ ትልቅ ድስት ይዘዋል። ትንሹ ልጅ በማንኪያ ይፍቃል፣ ልጄ ውኃ ያፈስለታል።

"ማሚ፣ ትንሽ ጠብቂን" አለኝ ቀና ሳይል። "ድስቱ ገና ነው።"